ያኔ የት ነበር?

ስለ ጎድንና ስለ ፍርምባ ለኢትዮጵያዊ አስተማሪ መቅጠር ትርፍ ወጪ ነው። ሥጋ ቤት ገብቶ «ከጎድኑ ቁረጥልኝ፣ ፍርምባውን ተወው» የሚል ሰው የአናቶሚን ግማሽ ያውቃል። የቀረውን ግማሽ እኔ በትምህርት ቤት ተማርኩት፤ በደንብ የገባኝ ግን ዘግይቶ፣ በሰው ሕመም ላይ ነው።

ሥራዬ ራጅ ማንሣት ነበር። ሮንትገን የተባለው ጀርመናዊ የሚስቱን እጅ በዚህ ጨረር ያነሣው በታኅሣሥ 1888 ዓ.ም. ነው፤ ከዓድዋ ድል ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። «ራጅ» የሚለውን ስም ግን የወሰድነው ከጣልያንኛ ነው፤ ድል ያደረግነውን ሰው ቃል መውሰድ ነውር የለውም። የሠራሁት ከምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች በአንዱ ነው፤ በየትኛው እንደሆነ ይቆየን። ሕመምተኛው ከሚኤሶ ቆላም ከቁኒ ደጋም ይመጣል። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ስለሚባል እኔም «ዶክተር» ነበርኩ። ኦሮምኛዬ ደካማ ቢሆንም «ሀፉራ ፉዸዹ፣ ቀበዹ» ማለትን አቀላጥፈው ነበር፤ ትንፋሽ ሳብ፣ ያዝ ማለት ነው።

ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ነገር ይጠይቀኛል፦ ወንድ ከሴት አንድ ጎድን ይጎድለዋል ወይ? አይጎድለውም። ሁለቱም ዐሥራ ሁለት ጥንድ አላቸው። የላይኞቹ ሰባት በየራሳቸው ለስላሳ አጥንት፣ ያ ሥጋ ስንበላ በምንቆረጥመው ዓይነት፣ ፍርምባው ላይ ይያያዛሉ። ስምንተኛው፣ ዘጠነኛውና ዐሥረኛው ፍርምባው ድረስ መድረስ አቅቷቸው በሰባተኛው ላይ ይጠጋሉ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከፊት ማንም ሳይዛቸው ሥጋ ውስጥ ይቀራሉ። በየቤቱ እንዲህ ያለ ዘመድ አይጠፋም።

በ1989 ዓ.ም. ክረምት አንድ ማለዳ የኤንትሬ ሾፌር መጡ፤ ዕድሜያቸው አምሳውን ያለፈ። ከገለምሶ ቡና ጭነው በበዴሳ በኩል ወደ አሰበ ተፈሪ፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ጭሮ፣ ሲጓዙ በሬ መንገድ ገባባቸውና ፍሬን ሲይዙ ደረታቸው ከመሪው ጋር ተጋጨ። ደረታቸውን ካሴቱ ላይ አስጠግቼ፣ ትንፋሽ አስይዤ፣ አንድ ፊልም አነሣሁ። ሳጥበው ሳንባው ንጹሕ፣ ጎድኑ ሁሉ ደህና።

«ጋሼ፣ ምንም የለዎትም» አልኳቸው። ይህን መናገር የእኔ ሥራ አልነበረም፤ የሐኪሙ ነበር። እሱም ግን ያየው እኔ ያሳየሁትን ብቻ ነው። ጤነኛ ናቸው የሚል ወረቀት ተጻፈላቸው። የመኪናው ባለቤት ወረቀቱን ሲያይ «ሥራ ጠልተህ ነው» አላቸው። ስለዚህ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ያንን 326 ኪሎ ሜትር የሚያህል የአዲስ አበባ መንገድ ሁለት ጊዜ ደርሰው ተመለሱ። በመካከሉ ወጌሻ ቅቤ ቀብቶ አሽቷቸዋል።

በዐሥረኛው ቀን ተመልሰው መጡ። መጋደም ስላልቻሉ ተቀምጠው ያነጋሉ። «የት ላይ ነው?» ብላቸው አንድ ጣታቸውን መካከል ደረታቸው ላይ አሳረፉ። ጣቱ ያረፈው ጎድን ላይ አልነበረም።

ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ሲነሣ ፍርምባው በትክክል ከአከርካሪው ትይዩ ይውላል። ጨረሩ ሁለቱን ባንድነት ስለሚያልፍ ወፍራሙ አጥንት ስሱን ይውጠዋል። ይህን ተምሬ፣ ተፈትኜ፣ አልፌበታለሁ! መላው ሰውየውን ማዞር ነው። ቀኝ ደረታቸውን ካሴቱ ላይ አስደግፌ ግራውን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ አራቅሁት፤ ደረቱ ሰፋ ያለ ሰው ያነሰ፣ የከሳ ሰው የበለጠ ይዞራል። እንዲህ ሲሆን ፍርምባው ከአከርካሪው ጥላ ወጥቶ በልብ ጥላ ላይ ያርፋል፤ የልብ ጥላ ወጥ ስለሆነ አጥንቱ ይነበብበታል። ትንፋሽም አይያዝም። ሕመምተኛው ቀስ ብሎ ይተነፍሳል፣ ጨረሩም ሁለት ሦስት ሰከንድ ይቆያል፤ የሚንቀሳቀሱት ጎድኖች ይደበዝዛሉ፣ ፍርምባው ጠርቶ ይቀራል። ስንት ዓመት «ቀበዹ» ስል ኖሬ ያን ቀን «ይተንፍሱ ጋሼ፣ ዝም ብለው ይተንፍሱ» አልኩ።

ቀጥሎ በጎን አቆምኳቸው፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ደረታቸውን ነፍተው። ይኼኛው አመማቸው፤ ጥርሳቸውን ነክሰው ቆሙልኝ።

ከጨለማው ክፍል ፊልሙን እርጥብ እንደሆነ ይዤው ወጣሁ። በጎን በተነሣው ላይ ፍርምባው ከላይኛው ሲሶ ዝቅ ብሎ ተሰብሯል፤ የታችኛው ስባሪ ጫፍ ወደ ውስጥ ገባ ብሏል። ከዚያ ሥር ያለው ልብ ነው። ሐኪሙ ፊልሙን አይቶ ምንም ሳይናገር ማዳመጫውን አወጣና ልባቸውን ለረጅም ጊዜ አዳመጠ። ለእኔ ከዚያ የረዘመ ዝምታ አላውቅም። በመጨረሻ «ልብዎ ደህና ይመስላል» አላቸውና የዕረፍቱን ወረቀት መጻፍ ጀመረ።

የፊተኛውንና የኋለኛውን ፊልም ጎን ለጎን መብራቱ ላይ ሰቀልኳቸው። ሰውየው ቀረብ ብለው አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ።

«ልጄ፣ ያኔ የት ነበር?»

«እዚያው ነበር፣ ጋሼ። እኔ ነኝ ያላዞርኩዎት።»

ወረቀቱን አራት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «ታዲያ የሁለቱን መንገድ ማን ይክፈለኝ?» አሉና ሊስቁ ሲሞክሩ ደረታቸውን በሁለት እጃቸው ጥርቅም አድርገው ያዙ።