ምግብ ቤትና ጎረቤት

እቴጌ ጣይቱ በፒያሳ ያሠሩት ሆቴል ከመሠረቱ ለእንግዳ ተብሎ የታነጸ ነው፤ እርሱን እንኳ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት ሳይነካው አላለፈም። በየካ በኩል በመሪ ሰፈር ያሉት ብዙዎቹ ምግብ ቤቶች ግን አስቀድመው የአንድ ቤተ ሰብ መኖሪያ ስለ ነበሩ፣ ገበያው በደራ ቍጥር ይቀጠልባቸዋል።

ከታላቅ እኅቴ ግቢ አጠገብ ያለው ምግብ ቤት በመጀመሪያ የቆርቆሮ ዳስ ጣለ፤ ይህ ማንንም አልጎዳም። ቀጥሎ በረንዳውን በመስተዋት ዘጋው (ከውጭ ሲያዩት ያምራል፤ በቀትር ግን ውስጡ እንደ ምድጃ ይግላል)። በሦስተኛው ጊዜ ማድ ቤቱን ከወሰኑ አጥር ጋራ አጣብቆ ሠራ፤ የጢሱም መውጫ ወደ እኅቴ መስኮት ዞረ። ከዚያ ወዲህ እኅቴ ልብስ በግቢያቸው አያሰጡም፤ የልጅ ልጃቸውንም ሌሊት ሌሊት ሳል ያስጨንቀዋል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1225ኛው ቍጥር፣ ባለሀብት ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጢስና ጥላሸት፣ ክፉ ሽታና ጩኸት ወደ ጎረቤቱ እንዳይሰድ ይከለክላል። እኔም በፍርድ ቤት ጸሓፊነቴ ይህን ስለማውቅ፣ «እትዬ፣ ማመልከቻውን እኔው ልጻፍልዎ» አልኋቸው።

«ልጄ እኮ እዚያው ሒሳብ ትቀበላለች፤ እንጀራዋን በገዛ እጄ ላስቈርጥባት?» አሉኝ።

ስለዚህ ባለቤቱን በሽማግሌ አነጋገርነው፤ የጢስ መውጫውን ከጣሪያው በላይ ከፍ ሊያደርገው ቃል ገባ። ቃሉን ሳይፈጽም ግን እነሆ ፎቅ ሊጨምርበት አሸዋና ድንጋይ አስገብቶአል። የሕንፃ ፈቃዱን እንዲያሳየኝ ጠይቄዋለሁ፤ እኅቴ ይህን ገና አልሰሙም።