በረካ ላይ ነው የምደርሰው

ቤት ውስጥ «ሆደ ባሻ» እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ክላክስ ሲጮህ እበረግጋለሁ። ሰው ሲጣላ ካየሁ፣ የተሰደብኩት እኔ ይመስል ሌሊቱን ስገላበጥ አድራለሁ። ሱቄ ደግሞ የት ነው? ሸዋ ሮቢት፣ የደሴ መንገድ ዳር! አይሱዙውና ተሳቢው ቀን ከሌት የሚተላለፍበት፣ ባጃጁ ያለ ምክንያት የሚያንባርቅበት። በዚያ ላይ ሙቀቱ። የጣርማ በርን ብርድ አልፎ እኛ ጋ የደረሰ መንገደኛ ከመኪናው ሳይወርድ ነው ጃኬቱን የሚያወልቀው።

ኢሌን አሮን የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1996 እ.ኤ.አ. ስለ እኔ ዓይነቱ ሰው መጽሐፍ አሳትማለች። ድምፁን፣ ሽታውን፣ የሰው ፊቱን ሁሉ አብዝቶ መቀበል ተፈጥሮ እንጂ በሽታ አይደለም ባይ ናት፤ በእሷ ግምት ከመቶ ሰው ከ15 እስከ 20 የሚሆነው እንዲህ ነው። እናቴ በሁለት ቃል ጨርሳው የለ እንዴ ብዬ ሳቅሁ። የእናቴ ቃል ትንሽ ወቀሳ ቢጤ ነበረበት እንጂ።

ከዚያ ራሴን ልንከባከብ ብዬ ተነሳሁ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሳት፣ መሮጥ፣ ማስታወሻ መጻፍ፣ 20 ደቂቃ በዝምታ መቀመጥ። 9 ቀን ሄደልኝ። በ10ኛው እንግዳ መጣብን፣ በዚያው ቀረ።

መላውን ያገኘሁት ሽንኩርት ከሚያለሙ ጎረቤቴ ነው። የውሃ ተራቸው ደርሶ ሲያጠጡ ቦዩ ዳር ተቀምጬ አያለሁ። አንዱ ትልም ሞላ ሲል በአካፋ ጭቃ ይደፍኑትና ቀጣዩን ይከፍታሉ። ደፈን፣ ከፈት።

«ጋሼ፣ ሁሉንም ባንዴ ቢለቁበትስ?»

«ይበሰብሳላ! ሲደርስሽ ማጠጣት፣ ሲበቃው መድፈን ነው።»

እኔ ለካ በ9 ቀን ውስጥ በራሴ ላይ ጎርፍ ነበር የለቀቅሁት።

አሁን ያለኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው። ከ6 እስከ 9 ሰዓት ሱቁን ዘግቼ ጓሮ ማንጎ ሥር እጋደማለሁ። ቆላ ነውና ቀትር ላይ ለምን ጥላ ውስጥ ተኛሽ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ደብረ ብርሃን ብሆን ታማለች ይባል ነበር። ልማዱ የከረመልኝም ማስረዳት ስለማያስፈልገው ይመስለኛል።

ሁለተኛው ቡና ነው። አቦል ከጠጣሁ ልቤ ይመታል፣ ወሬውም ያን ሰዓት ነው የሚጋለው። ጭራሽ ብቀር ደግሞ ጎረቤት ይቀየማል፣ የእሱ ቅያሜ ለእኔ ከአቦል ይብሳል። ስለዚህ በረካ ላይ እደርሳለሁ። ቀጠን ያለች ስኒ፣ የበረደ ጨዋታ፣ ምርቃት። መጀመሪያ ሰሞን «ቡናው ሲያልቅ የምትመጣ» እያሉ ሲያሾፉብኝ ከርመው አሁን በረካዋን ያስቀምጡልኛል።

አንድ ነገር ግን ልለይ። ኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት ከተማችን ድረስ ገብቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ በር ሲንኳኳ የሚንቀጠቀጥ፣ ሌሊት እየጮኸ የሚነቃ ሰው በየቤቱ አለ። እሱን ሆደ ባሻ አትበሉት፣ ማንጎ ሥር ተኛም አትበሉት፤ ሐኪም ጋ ይዛችሁት ሂዱ።

በሉ፣ 6 ሰዓት ሊሆን ነው፣ ልዘጋ ነው። ስኳር የምትፈልጉ 9 ሰዓት ላይ ኑ፤ ስልክም አላነሳም።