ዕዳ ከሜዳ

«ዕዳ ከሜዳ» ሲባል ስሰማ አባባል ብቻ ይመስለኝ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ዋሽንግተን ሳለሁ ግን ዕዳው በፖስታ ቤቴ ድረስ መጣ። በኢንተርኔት የሸጥኩትን አሮጌ ካሜራ ገዢው «አልደረሰኝም» ብሎ ገንዘቡን አስመለሰ። ክፍያውን ያስተላለፈው ድርጅት 212 ዶላሩን ከእኔ ጠየቀ፤ አልከፍልም ብለው ለዕዳ ሰብሳቢ አሳልፎ ሰጠኝ።

ስልኬ ገና በጠዋቱ ይጮኻል። እናቴ የተበደረችውን አንድ ስኒ ስኳር ሳትመልስ የማትተኛ ሴት ነበረች። የእሷ ልጅ ነኝና አፈርኩ፤ ያልበላሁትን ልከፍል እጄ ወደ ኪሴ ሄደ።

ያዳነኝ ታክሲ የሚነዳ የአገር ልጅ ነው። «ወንድሜ፣ በስልክ አትከራከር፤ ጻፍ!» አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣ የአሜሪካ ሕግ አለ። ማስታወቂያው በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ዕዳውን በጽሑፍ የተቃወመን ሰው፣ ሰብሳቢው ማረጋገጫ ሳይልክለት ክፈል ሊለው አይችልም። ጻፍኩ፤ ካሜራውን የላክሁበትን ደረሰኝ ቅጂ አያይዤ በአደራ ደብዳቤ ላክሁት።

ስልኩ ዝም አለ። ማረጋገጫ የተባለውም እስከ ዛሬ አልመጣም።

አንድ ነገር ግን እስካሁን ይቆጨኛል። ሊያስከፍለኝ የነበረው ሕግ አልነበረም፤ ሐፍረቴ ነበር። ሰብሳቢውም የተማመነው በእሱ ነው።