የዳሎል ትንሿ ባቡር

ስለ ባቡር ታሪካችን ሲወራ ሁሌም አዲስ አበባ ለገሃር ጣቢያ ላይ ጀምረን ለገሃር ላይ እንጨርሳለን። እኔ ግን ሰሞኑን ልቤ ያለው አፋር፣ ዳሎል ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 ከቀይ ባሕሩ መርሳ ፋጢማ ወደብ የተነሳ ሐዲድ ዳሎል ሊደርስ 28 ኪሎ ሜትር እስኪቀረው ተዘረጋ፤ ለመንገደኛ ሳይሆን ለፖታሽ ማዕድን። የሐዲዱ ስፋት 60 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለነበር አዋቂ ሰው በአንድ እርምጃ ይሻገረው ነበር። ከ1925 እስከ 1929 አንድ የጣሊያን ኩባንያ 25,000 ቶን ያህል ማዕድን አጓጉዞበታል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዞች ነቅለው ወሰዱት። ፖታሹ ግን ዛሬም እዚያው አለ። በዚያ በረሃ ሐሩር ሐዲድ ያነጠፉት ሠራተኞች ታሪክ ተጽፎ ለልጆቻችን ሊነገር ይገባል፤ የባቡር ታሪካችን ያለ እነሱ ጎዶሎ ነው።