«ውሻ ነው» ያልኩበት ቀን

የመጋቢ ሚስት ስለ ውሻ ምን ትጽፋለች እንዳትሉኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ብትጠይቁኝ ኖሮ እኔም እንዲሁ ነበር የምለው።

በ2015 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ባለቤቴ ለአገልግሎት ወደ ሐዋሳ ተመደበ። ዕቃችን በአይሱዙ ቀድሞ ሄደ፤ እኔ፣ ባለቤቴና የ11 ዓመት ልጃችን በአሮጌዋ መኪናችን ተከተልን። አራተኛው ተጓዥ ቡቺ ነበር፤ ልጄ ከቡችላነቱ ጀምራ ያሳደገችው ውሻ። ለጎረቤት ሰጥተነው እንሂድ ብዬ ነበር። እውነቱን ለመናገር አዲሱ ጉባኤ ሊቀበለን ሲወጣ ከውሻ ጋር መውረዱ አሳፍሮኝ ነው። ልጄ አልቅሳ አሸነፈችኝ።

መቂን አልፈን ብዙም ሳንሄድ ሞተሩ ሞቀ። ባለቤቴ ዳር ይዞ ኮፈኑን ሲከፍት እንፋሎቱ ፊቱን ሊልጠው ነበር። ራዲያተሩ ተቀዶ ውኃው ሁሉ ፈሷል። እኔ ተደናግጬ የኋላውን በር ስከፍት ቡቺ ፈትለክ ብሎ አስፋልቱ ላይ ወጣ። አንድ የጭነት መኪና ጡሩምባውን እያጮኸ ለጥቂት ሳተው። ከዚያ ቀን ወዲህ ማሰሪያው አንገቱ ላይ ሳይገባ በር አይከፈትም።

ከሞጆ የጠራነው ክሬን ከሁለት ሰዓት በኋላ ደረሰ። መኪናችንን ጀርባው ላይ ጭኖ እስከ ሐዋሳ ሊያደርሰን ተስማማን። ሹፌሩ ቡቺን ሲያይ ግን፣ «ጋሼ፣ እኔ ውሻ ጋቢና አላስገባም» አለ። ስንደውልለት ስለ ውሻው አልነገርነውም ነበርና በእርሱ መፍረድ አልቻልንም። «ክትባት አለው?» ብሎ ጠየቀ። አለው፤ ወረቀቱ ግን ከዕቃው ጋር በአይሱዙ ሄዷል። ልጄ ዐይን ዐይኔን አየችኝ። «መኪናችን ውስጥ ይሁን፤ መስኮቱን ትንሽ ከፈት እናድርግለት። ደግሞስ ውሻ ነው!» አልኩ።

ባቱ ስንደርስ ሹፌሩ ምሳ እንብላ አለ። የዝዋይ ዓሣ አዘዝን። ባለቤቴ ስለ ምግቡም በመንገድ ስለ ጠበቀንም ጌታን አመሰገነ። ጥላ ሥር ቀዝቃዛ ውኃ እየጠጣን ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀመጥን። ልጄ የተረፈውን ዓሣ በፌስታል ይዛ ወደ ክሬኑ ሄደች። ጩኸቷን ሰምተን ስንሮጥ ቡቺ ወንበሩ ላይ ተዘርሯል። ምላሱ ደም መስሏል፤ ለሃጩ ይዝረበረባል፤ ስሙን ስንጠራው አይሰማም።

በቀድሞው ጉባኤያችን የእንስሳት ሐኪም የሆነ ወንድም ነበረና ደወልንለት። «ቶሎ ጥላ ውስጥ አስገቡት፤ ሆዱና እግሮቹ ላይ ውኃ አፍስሱ፤ አራግቡለት፤ በግድ ግን አታጠጡት» አለን። የምግብ ቤቱ እናት በጀሪካን ውኃ አመጡ። ባለቤቴ በኮቱ ያራግባል፣ ልጄ ታለቅሳለች፤ እኔ እጄ እየተንቀጠቀጠ አፈሳለሁ። ወንድማችን ኋላ እንዳስረዳን ውሻ እንደ ሰው በገላው ሁሉ አያልብም፤ በዋናነት የሚቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ደግሞ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከውጭው አየር 10 ዲግሪ ያህል፣ በግማሽ ሰዓት እስከ 20 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። መስኮት ገርበብ ማድረግ እምብዛም አይረዳም። የውሻ ሙቀት ከ41 ዲግሪ ካለፈ ለሕይወቱ ያሰጋል። የኮሌጅ ምሩቅ ነኝ፤ ይህን ግን አላውቅም ነበር።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ቡቺ ጅራቱን አንዴ መሬት ላይ መታ።

የሚገርመው ከሁላችን ቀድሞ ያነሣው ያ ሹፌር ነው። ጋቢናውን ጠርጎ የራሱን ፎጣ አነጠፈለት። በልጅነቱ ውሻ ነክሶት ሆዱ ላይ መርፌ በመርፌ ተደርጎ እንደ ነበር የነገረን ያኔ ነው። ወረቀቱ በእጃችን ቢሆን ኖሮ ነገሩ መቂ ላይ ያልቅ ነበር። ዛሬ ወረቀቱ የሚቀመጠው ቦርሳዬ ውስጥ፣ ከመጽሐፍ ቅዱሴ ጎን ነው። ለጉዞ ስንነሣ የቡቺ ጀሪካንና ሳህን ይጫናል። ክሬን የሚያስጠራ ነገር ከገጠመንም የመጀመሪያው ቃሌ «ውሻ ይዘናል» ነው።

ልጄ እስከ ሻሸመኔ አላናገረችኝም። እዚያ ስንደርስ ቀስ ብላ፣ «እማዬ፣ ‹ውሻ ነው› አልሽ እኮ» አለችኝ። ሹፌሩ ፊት፣ ባለቤቴ ፊት ይቅርታ ጠየቅኋት። ለልጅ ይቅርታ መጠየቅን ለእናቶች ኅብረት ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ! አፌ ግን ተሳሰረ።

ሐዋሳ ስንገባ መሽቷል። ምእመናኑ በር ላይ እየዘመሩ ይጠብቁናል። ከጋቢናው መጀመሪያ የወረደው ቡቺ ነበር፤ ማሰሪያውን የያዝኩትም እኔ።