የአያታችን ጠረጴዛ

በዘንገና ሐይቅ አጠገብ ባለው ቤታችን አያታችን ያሠሯት አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ ነበረች። ገበታዋ ከዳንግላ በኩል የመጣ ዋንዛ፣ ጠርዟ ቀላ ያለ ኮሶ፣ እግሮቿ ወይራ ነበሩ። ዋንዛው ላይ የቡና ስኒ ክብ ታትሞበታል፤ ወይራው ግን ከቶ አልተነቃነቀም። የፈረንሳይ ባላገር አናጢዎች በ18ኛው መቶ ዓመት ከየቀዬአቸው ዋልነትና ቼሪ የሠሯቸውን ጠረጴዛዎች በሥዕል ስናይ ትዝ የምትለን እርሷ ናት። (ዋጋቸውን ስንሰማማ ሳቅን!)

እንጅባራ ኮሶበር መባሏ ያለ ነገር አይደለም። ዳሩ ግን በዘመናችን በአዊ ኮረብታዎች የተስፋፋው ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ ነው። እኛን ወንድማማቾቹን ያስተማረን የእርሱ ገንዘብ ስለ ሆነ ልናማው አፍ የለንም። ብቻ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶንና ዋንዛን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከከለከለ ወዲህ፣ እንዲህ ያለ የቆየ ዕቃ ፈላጊው በዝቷል።

ባለፈው ክረምት አባታችን ደወሉልን። «አንድ ነጋዴ ጠረጴዛይቱን ጠይቆኛል፤ ለመጻሕፍታችሁ ይሆናል። ምን ትላላችሁ?» አሉ። ተያየን። «እርስዎ እንዳሉ ይሁን፣ አባባ» አልናቸው።

መጻሕፍቱን ገዛን። ለፋሲካ ቤት ስንገባ እናታችን ስኒውን በርጩማ ላይ አኖሩልን፤ ስለ ጠረጴዛይቱ ማንም አላነሣም።