ምስክር

የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ከወረቀት፣ ከፊርማና ከማኅተም ጋር እውላለሁ። ማታ ማታ፣ ሲሳካልኝ፣ ግጥም እሞክራለሁ። እነዚህ ሁለት ኑሮዎቼ እምብዛም አይተዋወቁም፤ አንድ ቀን ግን መስኮቴ ፊት ለፊት ተገናኙ።

ፊደል ያስቈጠሩኝ የኔታ፣ ልጃቸው ዘንድ ሰንብተው ኖሮ፣ የቁጠባ ሒሳብ ሊከፍቱ ብቅ አሉ። ደንግጬ ተነሣሁ፤ ጉልበታቸውን ልስም ስል «ተው ልጄ፣ ሰው ቆሟል፤ ሥራህን ሥራ» አሉኝ። ቅጹን እኔው ሞላሁላቸው። ስም፣ የእናት ስም፣ አድራሻ… «የትምህርት ደረጃ» የሚለው ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። ሣጥኖቹ ስድስት ናቸው፤ ያልተማረ፣ ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ አንደኛ ደረጃ፣ ሁለተኛ ደረጃ፣ ዲፕሎማ፣ ዲግሪና ከዚያ በላይ። ሰልፉ ረዝሟል። ሁለተኛው ላይ ምልክት አደረግሁ።

«ምን አልኸኝ?» አሉ። ነገርኋቸው። ፈገግ ብለው «እሱስ እችላለሁ» አሉና ፈረሙ።

የዚያን ዕለት ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የኔታ የድጓ መምህር ናቸው። ከንባብ ቤት ዜማ ቤት ገብተው፣ ቁራሽ እየለመኑ ዓመታት ተምረዋል። የያሬድን ዜማ የሚያስተምር መምህር በብዙ አድባራት ይገኛል፤ ድጓ ግን የሚመሰከረው ጋይንት ባለችው ቤተ ልሔም ነው። ለዝማሬና መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለቅዳሴ በወሎ ሰለልኩላ፣ በትግራይ ደብረ ዓባይ አሉ። ተማሪው የትም ይማር የት፣ ከምስክሩ መምህር ፊት ተቀምጦ ዜማውን ያሰማል፤ ምልክቱን ያሳርማል፤ ሲበቃ ይመሰከርለታል። የኔታ ይህን አልፈዋል።

ዛሬ «የዕውቅና ፈቃድ» የምንለው ነገር ከዚህ ምን ያህል ይርቃል? በአሜሪካ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶች እ.ኤ.አ. በ1918 የተጀመረ ማኅበር አላቸው፤ አንዱን ትምህርት ቤት የሌሎቹ መምህራን ሄደው ይመረምሩታል። በእኛም አገር በ1995 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ የጥራት ኤጀንሲ አቋቁሞ ነበር፤ ዛሬ ሥራውን የያዘው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። የቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ኮሌጅን ታሪክም አስባለሁ። በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት ከክፍሎቹ አንዱ ሆነ፤ በደርግ ዘመን ተዘጋ፤ ኋላ ዳግም ተከፈተ። መንግሥት የሰጠውን ዕውቅና ሌላ መንግሥት ሊነሣው ይችላል፤ ሊቃውንቱ ያወቁትን ግን ማን ይነሣቸዋል?

ማኅተምን መናቄ አይደለም፤ እንጀራዬ ነው። ማኅተም የሌለበትን ወረቀት በየቀኑ እመልሳለሁ፤ ባልመልስ የሰው ገንዘብ ይጠፋል። የነገረ መለኮት ዲግሪ የያዘ ወጣት ሥራ ሲፈልግም ሆነ ሌላ ትምህርት ሊቀጥል ሲል፣ «ማን መሰከረለት?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የእኔም ዲግሪ ማኅተም አለው። ነገር ግን ፊት ለፊቴ ተቀምጦ፣ የተማርሁትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሰማኝ መምህር አላስታውስም። የኔታን ሰምተዋቸዋል።

በማግሥቱ ፋይሉን አውጥቼ፣ በቅጹ ኅዳግ ላይ በእርሳስ «የድጓ መምህር፤ ቤተ ልሔም የመሰከረችላቸው» ብዬ ጻፍሁ። በእስክሪብቶ እንዳልጽፍ ደንቡ አይፈቅድም። ኮምፒዩተሩም ከስድስቱ ሣጥኖች ሌላ አያውቅም።

ከወር በኋላ ገንዘብ ሊያስገቡ መጡ። ዐፍሬ ስለ ሣጥኑ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። የቁጠባ ደብተራቸውን እያገላበጡ ጥቂት ዝም አሉ።

«ቤተ ልሔም ታውቀኛለች» አሉኝ። «ባንኩ ብሬን ይወቅልኝ።»